መኪናዬ ዘይት ትበላለች፤ ሞተሩን ላስወርድ?

የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒክ መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የ2004 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፤ ሰው ኤግዚኪዩቲቭ የሚላት። ቆጣሪዋ 320 ሺህ ኪሎሜትር አልፏል። ከአንዱ ሰርቪስ እስከ ሌላው፣ ማለትም በ5 ሺህ ኪሎሜትር ውስጥ፣ በግምት ሦስት ሊትር ዘይት እጨምራለሁ። በወር 800 ኪሎሜትር ያህል ነው የምነዳው። በቀደም አሰላ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ መለኪያውን ብመዘው ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት አልነበረም። ደንግጬ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ጭሱን አየና «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ፤ 120 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ «ሃያ ሃምሳ ዘይት ይሙሉባትና ዝም ብለው ይንዱ» አለኝ። ልጄ «ሽጣትና ተገላገል» ይላል። እኔ ለመሸጥ ልቤ አልፈቀደም። ምን ትመክረኛለህ?

መ/ር ደ.፣ ከአዳማ

መልስ

መምህር፣ እንኳን በሰላም ገቡ። ያለ በቂ ዘይት ከአሰላ አዳማ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሞተሩ ነክሶ መንገድ ላይ ሊያስቀርዎት ይችል ነበር። እስካሁን ካልሞሉ ይህን ማንበብዎን ያቁሙና መጀመሪያ ይሙሉ።

መኪና ዘይት ስለበላች አትሞትም። የምትሞተው ዘይት ሲያልቅባት ነው። ዘይት የምትበላ ግን ባለቤቷ በየሳምንቱ መለኪያውን የሚያይላት መኪና ዓመታት ትሠራለች። ዘይት የማትበላ ሆና ማንም የማያያት ደግሞ አንድ ቀን ትንሽ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ ጎማ) ሲያፈስባት ጉድ ትሆናለች። እኔ ጋራዥ ከሚመጡት የተበላሹ ሞተሮች ብዙዎቹ በፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን በሚከብበው ቀለበት፣ ሳይሆን በዘይት ማነስ የሄዱ ናቸው። ይህን ስጽፍ እውነት ያንገበግበኛል፤ የብዙ ዓመት የሰው ላብ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል።

ደግሞም የዘይት መብራት ሲበራ አያለሁ ብለው አይጠብቁ። ያቺ ቀይ መብራት የምትነግርዎት ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። እስክትበራ ድረስ ዘይቱ በጣም ወርዷል። ዳገት ላይ ወይም ኩርባ ላይ ብልጭ ብላ ከጠፋች እንኳ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ። «እዚያች ነዳጅ ማደያ ድረስ» እያሉ መንዳት የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ጭስ ብቻ አይቶ «ይውረድ» በሚል ባለሙያ አልስማማም። እኔም የምኖረው ሞተር በማውረድ ጭምር ነው። ግን የሰው 120 ሺህ ብር ከመንካታችን በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ስንት ነው የምትበላው? በየት በኩል ነው የሚሄደው?

ስንት እንደምትበላ እርስዎ በግምት ነግረውኛል። ግምቱን ወደ ልኬት እንለውጠው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ቆማ፣ ዘይቱን በትክክል እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ። ከላይኛው ምልክት አያሳልፉ፤ የበዛ ዘይትም ይተፋል፣ ይቃጠላል። የቆጣሪውን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ በየ500 ኪሎሜትሩ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው ጠዋት ይዩ። በብዙ የቤት መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ላይ ከወረደ ግማሽ ሊትር ሄዷል ማለት ነው። አስተማሪ ነዎትና ደብተር መያዝ እኔ አልነግርዎትም።

በግምትዎ ከሄድን በ1000 ኪሎሜትር 600 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የአንዳንድ አምራቾች መመሪያ በ1000 ኪሎሜትር እስከ አንድ ሊትር ድረስ ሊጠፋ ይችላል ብሎ ይጽፋል። እሱ ለኔ የላላ ነው፤ አዲስ መኪና እንደዚያ ቢበላ ደስ አይለኝም። 320 ሺህ ለሄደች ኮሮላ ግን 600 ሚሊ የሞት ፍርድ አይደለም። በ500 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ከሆነ፣ ወይም ካንዴላዎቹ ዘይት እየጠጡ ሞተሩ ማንከስ ከጀመረ፣ ወይም ከኋላ ያለው ሰው በጭስ መተንፈስ ካቃተው፣ ያኔ ጥገና ግዴታ ነው። ጭሱን የሚውጡት የባጃጅ ተሳፋሪዎችና መንገድ ዳር የተቀመጡ እናቶች ናቸውና ይህን «የኔ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ቀጥሎ፣ በየት ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ ወደ ውጭ እንዳይሆን እናጣራ። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው ይደሩ። ጠዋት ጠብታ ካለ የት እንዳረፈ ይዩ፤ ከፊት በፑሊው በኩል ነው ወይስ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት? ከላይ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመካከል ያለው ማሸጊያ፣ ሲያረጅ ደግሞ ዘይቱ መሬት ላይ አይወርድም፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ያርፍና እዚያው ይቃጠላል። ቀይ መብራት ላይ ቆመው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ካቢን ውስጥ ከገባ እሱን ይጠርጥሩ። ይህ ጓርኒሲዮን ርካሽ ነው፤ ሞተር አያስወርድም።

ከዚያ ፒሲቪ ቫልቭ። ይቺን ብዙ ጋራዥ ይረሳታል። አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ የቴስታታው ክዳን ላይ ትቀመጣለች። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ መግቢያው መልሳ ታስጠጣለች። ስትደፈን ትንፋሹ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራኦሊዮ በኩል ይገፋዋል። ክፍት ሆና ከቀረች ደግሞ ዘይት ከትንፋሹ ጋር ይሳባል። ትፈታና ጆሮ አጠገብ ትነቀነቃለች። ቀጭ ቀጭ ካለች ጥሩ ምልክት ነው፤ ድምፅ ከሌላት ሞታለች። ጓደኞቼ አዲስ ከመግዛት በቤንዚን ያጥቧታል። እኔ ግን እንድትቀየር ነው የምመክረው፤ ዋጋዋ ከፍ ያለ አይደለም።

ጭሱን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ማንበብ ይችላሉ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ነው፤ ያኔ የዘይት ክዳኑን ከፍተው ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷልና መኪናዋን አይንዱ።

ሰማያዊ ከሆነ መቼ እንደሚወጣ ይዩ። ሌሊቱን አድራ ጠዋት ስትነሳ ጉም የሚያህል ጭስ ለቃ ወዲያው ከጠራች፣ የቫልቭ ሲል ነው፤ ቫልቩ አንገት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጎማ ደርቃ ዘይት ሌሊቱን ወደ ውስጥ ተንጠባጥቧል። የአሰላው መንገድዎ ደግሞ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሲመለሱ ከኢተያ ወደ ዴራ ረጅም ቁልቁለት አለ። ቤንዚን ለቀው፣ በማርሽ ይዘዋት ይወርዳሉ። በዚያን ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ከባድ ነው፤ ዘይቱን በቫልቩ አንገት በኩል ይስበዋል። ታች ደርሰው ቤንዚን ሲረግጡ በመስታወት ኋላዎን ይዩ። ያኔ ፈንድቶ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ሲል ምልክት ነው። ወደ አሰላ ሲወጡ፣ ዳገቱ ላይ ረግጠው ሳለ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጉዞዎ የቱን እንዳዩ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጁና እሳቱ ተቋርጦ፣ አራቱም ካንዴላ ተፈትቶ፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ነው የሚለካው። ከአራቱ አንዱ ካንዴላ ብቻ ተፈትቶ የተለካ ልኬት አይቁጠሩት። ቁጥሮቹ ሲመጡ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው ዋናው። ቶዮታ ከአንድ ኪሎ በካሬ ሳንቲሜትር፣ በፒኤስአይ ከ14 ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ልንገርዎት። በጥገና መመሪያው መጽሐፍ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ አራት እጅ ሦስቱ ገደማ። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነውና ጤነኛ ሞተርም እዚህ ከመጽሐፉ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ስንት ደህና ሞተር «ኮምፕረሽኑ ወርዷል» ተብሎ በከንቱ ወርዷል! አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ቶሎ አይፍረዱ።

አንዱ ሲሊንደር ለብቻው ካነሰ ግን በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ደህና አድርጎ ከወጣ ችግሩ ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖታል። ካልወጣ ቫልቭ ነው።

ለእርስዎ መኪና ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በጣም አስፈላጊው እሱ ነው። ኮምፕረሽኑ ሸጋ ሆኖ ዘይት መብላት ይቻላል። ፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻዎች አሉ። የላይኛዎቹ ሁለቱ እምቅታውን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። በእርስዎ ኮሮላ ዘመን የተሠሩት የዜድዜድ ሞተሮች፣ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ድረስ፣ ዘይቱ የሚመለስባቸው የፒስተን ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። ዘይቱ ሲቆይና ሲጋገር ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻው እቦታው ላይ ይጣበቃል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሏል። ስለዚህ የእርስዎ ፋሻ አልቆ ሳይሆን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ይለያያሉ።

የተጣበቀን ፋሻ ሞተር ሳያወርዱ መሞከር ይቻላል። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፣ ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ በየቀዳዳው ይጨመርና ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ካንዴላዎቹ ሳይገጠሙ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞራል፤ ይህ የግድ ነው። ፈሳሹ ውስጥ እያለ ካንዴላ ገጥሞ ማስነሳት ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል፤ ፈሳሽ አይታመቅም። ከዚያ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ወዲያው ይቀየራሉ። አንዳንዴ ፍጆታው ቁልጭ ብሎ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ምንም የለም። ቃል አልገባልዎትም። ግን ከ120 ሺህ ብር በፊት የሚሞከር ነው።

ቫልቭ ሲል ከሆነ ደግሞ ቴስታታ ማውረድ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። የምንሠራው እንዲህ ነው። ፒስተኑ ታች እያለ ንጹሕ ለስላሳ ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ ቀስ እያልን እናስገባለን፤ ጫፉ ውጭ ይቀራል። ከዚያ ሞተሩን በእጅ እናዞራለን። ፒስተኑ ወጥቶ ገመዱን ከቫልቮቹ ሥር ያጣብቀዋል፤ ቫልቮቹ ወደ ውስጥ መውደቅ አይችሉም። ከላይ ስፕሪንጉ ይፈታል፣ የደረቀው ሲል በፒንሳ ይነቀላል፣ አዲሱ ይገባል። የወጣውን ሲል ጣትዎ ላይ ቢያዩት እንደ ጎማ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ያለው ልጅ ይፈልጉ።

ሃያ ሃምሳ (20/50) ይሙሉባት ያለዎትስ? ፋብሪካው ለዚህች መኪና 5/30 ነው የሚለው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ዘይቱ ይወፍራል። አዳማ ውርጭ የለም፤ ለደከመ ሞተር 10/40 ወይም 15/40 ብናደርገው አልቃወምም፣ ፍጆታውንም ትንሽ ይቀንሳል። 20/50 ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። ጠዋት ሲነሳ ቫልቮቹን ወደሚከፍተው የላይኛው ዘንግ፣ ካምሻፍት፣ ለመድረስ ይዘገያል፤ የዚህች ሞተር ቫልቭ ማስተካከያ ደግሞ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። የተጣበቀን ፋሻም አያላቅቅም።

«እየጨመርኩ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም» የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት። የጨመሩት አዲስ ቢሆንም ፊልትሮው አሮጌ ነው፣ ጥላሸቱም እዚያው ነው። ያ ጥላሸት ነው ፋሻውን ያጣበቀው። በየ5 ሺህው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ እኔ ብሆን በየ4 ሺህው እቀይር ነበር። ዘይቱን የታሸገ፣ ከሚያውቁት ሱቅ ይግዙ። ሲጨርሱ ጣሳውን ቀደው ይጣሉት፤ ማንም ያልሆነ ነገር መልሶ እንዳይሞላበት።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በወር 800 ኪሎሜትር ከነዱና በሺው 600 ሚሊ ከበላች፣ በዓመት ስድስት ሊትር አይሞላም። ሊትሩን 1000 ብር እንኳ ብናደርገው በዓመት ከ6 ሺህ ብር በታች ነው። 120 ሺህ ብር የሃያ ዓመት ዘይት ይገዛል። ሞተሩ ወርዶም በደንብ ካልተሠራ፣ ለምሳሌ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሳይለካ አዲስ ፋሻ ብቻ ከተደረገበት፣ ተመልሶ ዘይት መብላቱ አይቀርም። ስለዚህ አሁን አያስወርዱ። ልጅዎንም አልቃወምም፣ ለእርስዎ አስቦ ነው። ግን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ምን ያህል እንዳስወደደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ይንገሩት። ሞተሯ ገና የሚሠራ ኮሮላ ዛሬ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ሊትር ዘይትና አንድ ጨርቅ ይኑርዎት። አሰላ ከመነሳትዎ በፊት ይዩ፤ እዚያ ሲደርሱም፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ይዩ።

ጥያቄ

ያገለገለ ቪትዝ ልገዛ ነው። ደላላው በጠራኝ ቁጥር ስደርስ ሞተሩ ተነስቶ ሞቆ ይጠብቀኛል። ዘይት እንደማትበላ እንዴት አውቃለሁ?

ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። «ነገ ጠዋት ሳትነሳ ላያት» በይው። እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጊ። ከተስማማ ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከመነሳቷ በፊት መለኪያውን መዘሽ ዘይቱን በጣትሽ እሺው። በጣም የሚለጠጥና የሚያጣብቅ ከሆነ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ ተጨምሮ ጭሱ ተደብቋል ብለሽ ጠርጥሪ። ከዚያ ሌላ ሰው ያስነሳልሽ፤ አንቺ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ቁሚ። በማርሚታው አፍ ውስጥ ጣትሽን ስታዞሪ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ደህና ነው፤ ቅባት ያለው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው። ካንዴላ የሚፈታ መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፤ የራስሽን መካኒክ፣ ደላላው የሚያውቀውን አይደለም። ካንዴላው ጫፍ ላይ ዘይት ካለ ከዋጋው ላይ አይደለም የምትከራከሪው፤ መኪናዋን ተያት።

ጥያቄ

ሚኒባስ ነው የምነዳው። የአየር ፊልትሮዬን በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ በኮምፕረሰር አስነፋለሁ። ጥሩ ነው?

የወለንጪቲ መስመር ሾፌር

መልስ

ወንድሜ፣ መጠንቀቅህ ጥሩ ነው፤ የአዳማን ነፋስና አቧራ አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ግን የጎሚስታ ግፊት ወረቀቱን ይበሳዋል። አይታይህም እንጂ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል፣ ፋሻውን ይበላዋል፤ ከዚያ ነው ዘይት መብላት የሚመጣው። መንፋት ካለብህ ከርቀት፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን ይነፋ። ከነፋኸው በኋላ ውስጡ አምፖል ወይም የስልክ መብራት አድርገህ ጨለማ ቦታ እየው። ነጥብ ብርሃን ካየህ ጣለው። በቤንዚን ደግሞ ፈጽሞ አትጠበው። ከፊልትሮ ቤቱ እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦም ተመልከት፤ ማሰሪያው ከላላ አዲስ ፊልትሮ ብትገዛም አቧራው በጎን ይገባል።